የላላ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መጋጠሚያ አጠጋገን

ተገጣጣሚ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያስቸግረው መጋጠሚያው ነው። ስትወረውሩ «ቀጭ» ይላል። ወይም የላይኛው ክፍል ቀስ እያለ ይዞርና ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ከመስመር ይወጣሉ። ሲብስበት ደግሞ ጫፉ ተነቅሎ ከመንጠቆው ጋር አብሮ ውኃ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ወይ ዘንጉን ይጥለዋል፣ ወይ ሱፐር ግሉ አፍስሶበት ለዘላለም ያጣብቀዋል። ሁለቱም ያሳዝናሉ። ምክንያቱም አብዛኛው የላላ መጋጠሚያ ቤት ውስጥ፣ በትንሽ ወጪ ይስተካከላል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። መጋጠሚያ የሚይዘው በሰበቃ ነው። ሁለቱ ክፍሎች በተደራረቡበት ርዝመት ሁሉ እኩል ሲነካኩ ዘንጉ እንደ አንድ እንጨት ይጎብጣል። ንክኪው ሲጠፋ ጉልበቱ ሁሉ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ያርፍና እዚያው ይሰነጠቃል። ስለዚህ «ትንሽ ላላ እንጂ ይሠራል» ብሎ መቀጠል ዘንጉን መስበር ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ያንን ንክኪ ለመመለስ ነው።

ምን ዓይነት መጋጠሚያ ነው?

የሚገባውን ወንዴ፣ የሚቀበለውን ሴቴ እላለሁ። በገበያ ላይ ባሉ አሮጌ ዘንጎች ላይ ሦስት ዓይነት መጋጠሚያ ታገኛላችሁ።

አንደኛው የብረት ነው። የቀርከሃ ዘንጎችና የመጀመሪያዎቹ የፋይበርግላስ ዘንጎች ይህንን ይጠቀማሉ። ብረቱ ነሐስ፣ ወይም የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል የሆነው ኒኬል ሲልቨር ነው።

ሁለተኛው የላይኛው ክፍል የታችኛውን ጫፍ እንደ እጅጌ የሚያለብሰው ነው። ምንም ብረት የለውም። ፋይበርግላስ በፋይበርግላስ ላይ፣ ወይም ካርቦን በካርቦን ላይ ይገባል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ርካሽ ዘንግ በአብዛኛው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ስፒጎት ይባላል። ከታችኛው ክፍል ውስጥ ሌላ ቀጭን በትር ብቅ ብሎ ይታያል። የላይኛው ክፍል ያንን በትር ይውጠዋል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ ክፍሎች እኩል ውፍረት አላቸው፣ በመካከላቸውም ትንሽ ክፍተት አለ። ይህ ክፍተት ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ብዙ ሰው ጉድለት ይመስለዋል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

የሚያስፈልጋችሁ

ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 600፣ 1000 እና 1500። አልኮል። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ። ለስላሳ እርሳስ። ሻማ ወይም ንጹሕ የንብ ሰም። ቀስ ብሎ የሚደርቅ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ማጣበቂያ። ቀጭን የፖሊስተር ስፌት ክር። አዲስ ምላጭ። የወረቀት ፕላስተር። ጓንትና የአፍ መሸፈኛም ያዙ፤ የፋይበርግላስና የካርቦን ብናኝ ለሳንባም ለቆዳም አይሆንም። በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉ ወረቀቱን ውኃ አስነክሩት፣ ብናኙ አይነሣም።

ኢፖክሲውን በተመለከተ፣ በ5 ደቂቃ የሚደርቀውን አትግዙ። ለማስተካከል ጊዜ አይሰጣችሁም። 24 ሰዓት የሚፈልገው ይሻላል።

1ኛ፦ አጽዱ

ቀላል ይመስላል፤ ግን ላልቷል ከተባለው ዘንግ ስንቱ ቆሻሻ ብቻ ሆኖ ይገኛል! አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ የሄደ ዘንግ፣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የተለቀቀውን ትራውት ፍለጋ በፈረስ የተጫነ ዘንግ፣ ሴቴው ውስጥ አቧራ ይዞ ይመለሳል። አቧራው ከአሮጌ ሰም ጋር ይቦካና ወንዴው እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግዳል። ዘንጉም በአፉ ብቻ ይያዛል። ያኔ የላላ ይመስላል።

ጥጡን አልኮል ነክራችሁ ሴቴውን ከውስጥ ጥረጉ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀያይሩት። ጥልቅ ከሆነ ቀጭን እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ግቡበት። ወንዴውንም በአልኮል ጨርቅ ጥረጉ። የብረት መጋጠሚያ ከጠቆረ በአልኮሉ ብዙ ጊዜ ይለቃል። በብርጭቆ ወረቀት ግን አትንኩት። የሚወጣው ጥቁረቱ ብቻ አይደለም፣ ብረቱም ይሄዳል፤ የሄደ ብረት ደግሞ አይመለስም።

አሁን ግጠሙትና ሞክሩት። ካልተንቀሳቀሰ ጥገናው እዚህ አለቀ።

2ኛ፦ የተበላውን ቦታ ፈልጉ

ወንዴውን በእርሳስ ዙሪያውን ሁሉ አጥቁሩት። ሴቴው ውስጥ አስገቡ፣ ጥቂት አዙሩ፣ አውጡ። (የብረት ከሆነ አታዙሩ፤ አስገብታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ።) ከዚያ መስኮት አጠገብ ሄዳችሁ በደንብ እዩት። እርሳሱ የተፋቀበትና የሚያብረቀርቅ ቦታ ንክኪ ያለበት ነው። ጥቁር ሆኖ የቀረው አይነካም።

ሙሉው አብረቅርቆ ዘንጉ ግን አሁንም የሚዞር ከሆነ፣ ቅርጹ ደህና ነው፤ የጠፋው መያዣው ነው። ሰም ይበቃዋል። ከሥሩ አጠገብ ብቻ ቀለበት የመሰለ ብሩህ መስመር ካለ፣ የወንዴው ጫፍ ተበልቷል። ጫፉ ብቻ ካብረቀረቀ ደግሞ የሴቴው አፍ ተከፍቷል፣ ምናልባትም ተሰንጥቋል። አፉን በጥፍራችሁ ዙሪያውን ዳሱት። ስንጥቅ ካለ ጥፍር ይይዛል፣ ዓይን ባያየውም።

ይህንን ሙከራ የሚዘል ሰው ጤነኛውን ቦታ ያወፍርና የታመመውን ይተወዋል።

3ኛ፦ ሰም

ለፋይበርግላስና ለካርቦን መጋጠሚያ የመጀመሪያው መድኃኒት ሰም ነው። ወንዴውን በሻማ ወይም በንብ ሰም ሦስት አራት ቦታ በርዝመቱ አስምሩበት። ከዚያ በጣታችሁ ሙቀት እያሻሻችሁ ስስ አድርጋችሁ አልብሱት። ቁርጥራጭ መታየት የለበትም። የንብ ሰም ስለሚጣበቅ የተሻለ ይይዛል። ጧፍ ለመሥራት የሚሸጠው፣ ፓራፊን ያልተቀላቀለበት ካገኛችሁ ከሱ የተሻለ የለም።

አገጣጠሙንም አስተካክሉ። ቀለበቶቹን ከመስመር ሩብ ዙር ያህል አውጥታችሁ አስገቡ፣ እየገፋችሁ ወደ መስመራቸው መልሷቸው። ይህ ለፋይበርግላስና ለካርቦን ብቻ ነው።

ለብረት መጋጠሚያ ሰምም ዘይትም ግሪስም አትቀቡ። አቧራ ይይዛሉ፣ አቧራው ብረቱን ይፍቃል። ብረት ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ነው የሚሠራው።

4ኛ፦ የተበላውን ወንዴ ማወፈር

ሰሙ ካልበቃ እዚህ እንገባለን። መጀመሪያ ግን ምን ያህል እንደጎደለ አስቡ። አንድ ዘንግ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ይቀጥናል እንበል። መጋጠሚያው ከድሮው ምልክት 1 ሴንቲ ሜትር አልፎ እየገባ ከሆነ፣ የጎደለው ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ጎን ሲካፈል 0.05። የተራ ፎቶ ኮፒ ወረቀት ግማሽ ውፍረት ማለት ነው። ፕላስተር መጠቅለል ለምን ሴቴውን እንደሚሰነጥቅ ከዚህ ይገባችኋል። በጣም ወፍራም ነው፣ በዚያ ላይ ይሸሻል።

ወንዴውን በቁጥር 600 ብርጭቆ ወረቀት ፍዝዝ እስኪል ብቻ ነካ ነካ አድርጉት። በአልኮል ጥረጉት፣ ከዚያ በኋላ በእጃችሁ አትንኩት። ሰም ተቀብቶ ከነበረ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ሰም ያለበት ላይ ኢፖክሲ አይይዝም። መወፈር የሌለበትን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ።

ኢፖክሲውን በጥቅሉ ላይ በተጻፈው መጠን በደንብ አማስሉ። ጓንት ባጠለቀ ጣት ትንሽ ወስዳችሁ የተበላውን ቦታ ቀቡት። አሁን ደግሞ በሌላ ንጹሕ ጣት ጥረጉት። አዎ፣ ጥረጉት። የሚቀረው እንደ እርጥበት ብቻ መታየት አለበት። ዘንጉን አግድም ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ካልዞረ ኢፖክሲው ወደ ታች ወርዶ አንድ ጎን ያብጣል። መወፈር ሲጀምር ማስቀመጥ ትችላላችሁ።

ሙሉ ቀን ሳይደርቅ «እስቲ ልየው» ብላችሁ እንዳታስገቡት። ያልደረቀ ኢፖክሲ ሴቴው ውስጥ ከገባ ዘንጉ ባለ አንድ ክፍል ሆኖ ይቀራል።

ሲደርቅ የእርሳሱን ሙከራ ድገሙ። ቀድሞ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቀውን ቦታ በቁጥር 1000፣ በውኃ፣ ዙሪያውን እኩል ፍተጉ። ሁለት ሦስት ዙር ፈትጉ፣ አጥቁሩ፣ አስገቡ፣ እዩ። ንክኪው በርዝመቱ ሁሉ ሲሆን በ1500 አለስልሱና ሰም ቀቡ። አንድ ሽፋን ካልበቃ ሁለተኛ ቀቡ እንጂ በአንዴ አታወፍሩ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ይሄ ነው፤ ውጤቱም የሚወሰነው እዚህ ነው።

5ኛ፦ ስፒጎት ከሆነ

ያ ክፍተት የተተወው መጋጠሚያው ሲበላ ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ሲወርድ ወደ ወፍራሙ የስፒጎት ክፍል ይደርስና እንደገና ይጠብቃል። አዲስ ዘንግ ላይ ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ክፍሎች ከንፈር ለከንፈር ሲገናኙ ግን መውረጃ ያልቃል። ያኔ ነው «ቀጭ» የሚለው።

ክፍተቱ ገና ካለ ሰም ቀብታችሁ ተጠቀሙበት። ዘንግ መቁረጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ክፍተቱ ጨርሶ ከተዘጋ ሁለት መንገድ አለ። ስፒጎቱን ከላይ እንዳልነው በኢፖክሲ ማወፈር አንዱ ነው። እኔ ይህንን አስቀድማለሁ፣ ስሕተት ቢኖር ተፍቆ ይወጣልና። ሁለተኛው ከላይኛው ክፍል አፍ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር መቁረጥ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት ከሚቆረጠው መስመር በላይ ያለውን በክር ጠቅልላችሁ በኢፖክሲ አድርቁት፤ አጠቃለሉ ቀጥሎ አለ። መስመሩን በወረቀት ፕላስተር ክበቡት። ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ሰጌቶ ዘንጉን እያዞራችሁ ዙሪያውን ቁረጡ። ከአንድ ወገን ገዝግዛችሁ በሌላው አትውጡ፣ መጨረሻ ላይ ይላጣል። አፉን በ600 አስተካክሉ።

አንዳንዴ ደግሞ የሚነቃነቀው ስፒጎቱ ራሱ ከታችኛው ክፍል ጋር ተጣብቆ የነበረበት ቦታ ነው። ስፒጎቱን በጣቶቻችሁ ይዛችሁ ወዘወዝ አድርጉት። በብዙ ዘንጎች ላይ ስፒጎቱ የገባው ከወፍራሙ ጎን ስለሆነ ወደ ላይ አይነቀልም፣ ወደ ውስጥ ግን ይሰምጣል። ወደ ውስጥ ገፍታችሁ በታችኛው ክፍል ወፍራም ጫፍ በኩል አውጡት፣ ሥሩን አጽድታችሁ ኢፖክሲ ቀቡ፣ በዚያው በኩል መልሳችሁ አስገብታችሁ ወደ ላይ አጥብቃችሁ ሳቡት። የተረፈውን ወዲያው በአልኮል ጥረጉ። ዘንጉ ቀጥ ማለቱን በዓይናችሁ አረጋግጡና ለአንድ ቀን ተዉት።

6ኛ፦ የተሰነጠቀ አፍ በክር መጠቅለል

ስንጥቁ አጭር ከሆነ ይድናል። ቀጭን ሱፐር ግሉ አንድ ጠብታ ስንጥቁ ላይ ጣል አድርጉ፣ በራሱ ይሰርጋል። ወደ ውስጥ የፈሰሰውን በጥጥ ቶሎ ጥረጉ። ሲደርቅ ከአፉ ጀምራችሁ፣ ስንጥቁ ካለቀበት ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር አልፋችሁ ትጠቀልላላችሁ።

የክሩን ጫፍ በዘንጉ ርዝመት አስተኙ። ክሩን በራሱ ጫፍ ላይ አሻግራችሁ አምስት ስድስት ዙር ጠቅልሉ፤ ጫፉ በዙሮቹ ሥር ይያዛል። ትርፉን በምላጭ ቁረጡ። አሁን ክሩን በአንድ እጅ ወጥራችሁ ያዙ፣ በሌላው ዘንጉን አዙሩ። ክሩን ወደ ዘንጉ አትውሰዱት፣ ዘንጉ ክሩን ይሳበው። ዙሮቹ ሳይደራረቡና ክፍተት ሳይተዉ ጎን ለጎን መተኛት አለባቸው። ቢራራቁ በጥፍር ገፍታችሁ ታጠጋጓቸዋላችሁ።

ሊያልቅ ስድስት ዙር ያህል ሲቀር፣ ሌላ ቁራጭ ክር አጥፋችሁ ቀለበት ሥሩና በዘንጉ ላይ አስተኙት። የቀለበቱ ጆሮ ወደምትሄዱበት አቅጣጫ ይሁን። በላዩ ላይ ጠቅልላችሁ ጨርሱ። የዋናውን ክር ጫፍ ቆርጣችሁ በጆሮው አሳልፉ። ከዚያ የቀለበቱን ሁለት ጭራ ሳቡ። ጫፉን ይዞ በዙሮቹ ሥር ይወጣል። ትርፉን ከሥሩ ቁረጡ። ቋጠሮ የለውም፣ እብጠት የለውም።

ኢፖክሲ ስስ አድርጋችሁ ቀቡበት፣ እያዞራችሁ አድርቁ። ስንጥቅ ለሌለበት አሮጌ ዘንግም ቢሆን ይህን የክር ቀለበት አፉ ላይ መጨመር እመክራለሁ።

7ኛ፦ የብረት መጋጠሚያ

መጀመሪያ «ቀጭ» የሚለው ከየት እንደሆነ ለዩ። ወንዴና ሴቴው የሚገናኙበት ላይ አውራ ጣት አድርጋችሁ ዘንጉን ነቅነቅ አድርጉ። ቀጥሎ ጣታችሁን ብረቱና ቀርከሃው የሚገናኙበት ላይ አድርጋችሁ ድገሙ። በብዙ አሮጌ ዘንጎች የሚነቃነቀው ሁለተኛው ነው፤ ውስጥ ያለው ማጣበቂያ ደርቆ ተሰባብሯል።

እንደዚያ ከሆነ ብረቱ ወጥቶ እንደገና ይጣበቃል። ጎኑ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ካለች ሚስማር ናት፤ በቀጭን ነገር ግፏትና አውጧት። ብረቱን በሻማ ወይም በአልኮል መብራት ላይ እያዞራችሁ አሙቁ፣ ቀርከሃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። ለጥቂት ሰኮንድ አሙቁ፣ ሳቡ፣ ካልወጣ ድገሙ። ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ፈጽሞ አትጠምዝዙ። የቀርከሃ ዘንግ ብዙውን ጊዜ ስድስት ቀጫጭን የቀርከሃ ቁራጮች ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ መጠምዘዝ ይለያያቸዋል። ከወጣ በኋላ ሁለቱንም አጽዱ፣ ኢፖክሲ ቀብታችሁ መልሱ።

ብረቱ ራሱ ከተበላ የምንችለው ያነሰ ነው። ወንዴው ላይ ሱፐር ግሉ በጣም ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ሲደርቅ በ1500 ማለስለስ ለጊዜው ይይዛል። ዋናው መፍትሔ አዲስ መጋጠሚያ ነው። ስታዙ መጠኑ በኢንች 64ኛ እንደሚጻፍ እወቁ። 12/64 ማለት 4.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሴቴውን በፒንሳ ጨምቆ ማጥበብ ግን አይሞከርም። ክቡ ሞላላ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይመልሰውም። በእጅ የተሠራ የድሮ ቀርከሃ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት፤ የመጀመሪያው መጋጠሚያ መኖሩ ለዋጋው ትልቅ ነገር ነው።

አልነቀል ያለ መጋጠሚያ

ሁለት ሰው ሁኑ። እያንዳንዳችሁ አንድ እጅ ከመጋጠሚያው በላይ፣ አንድ እጅ በታች ያዙና አብራችሁ ሳቡ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ዘንጉን ከጉልበታችሁ ጀርባ አግድም ያዙት፤ እጆቻችሁ ከጉልበቶቻችሁ ውጭ ይሁኑ። ጉልበቶቻችሁን ወደ ውጭ ግፉ። እጅ ሳይሆን እግር ይስባል። አሁንም ካልሆነ ወንዴውን ከመጋጠሚያው አጠገብ በበረዶ አቀዝቅዙ፣ ሴቴውን በእጃችሁ አሙቁ። ቀለበቶቹን ይዛችሁ አትሳቡ፤ ይነቀላሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ግጠሙ፣ በቀለበቶቹ መሐል አሻግራችሁ እዩ፣ መስመራቸውን አስተካክሉ። ክሩን አሳልፋችሁ ጫፉን አንድ ሰው ይያዝላችሁ፤ ዘንጉን ቀስ እያላችሁ አጉብጡ። መጋጠሚያው አካባቢ ጎባጣው እንደ ጉልበት ከታጠፈ ንክኪው አልተስተካከለም፣ ወደ እርሳሱ ተመለሱ። ሙከራውን ግቢ ውስጥ ስታደርጉ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ አለመኖሩን እዩ፣ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ውኃ ዳር በየጥቂት ውርወራው መጋጠሚያውን በጣታችሁ ነካ አድርጉት፤ ከላላ ወዲያው አጥብቁት። ማታ ነቅላችሁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ክፍሎቹን ለየብቻ አስቀምጡ።